ስርዝ ድልዝ

ሉባባ ይመርን የማውቃት ከጋራዥ ነው፤
አባቷ የአሰብ ሾፌር፣ እኔ ደግሞ ጎማ ነፊው።
ጨው ጭኖ ሲመለስ፣ ባቲን አልፎ፣ ደጋንን አልፎ፣
ሸክላ ይዞ ይወርድ ነበር፣ እንደ እንቁላል በክንዱ አቅፎ።
የመርከበኛ ስጦታ ነው፤ ቃል የሌለው፣ ሳግ ያለበት ጥሩምባ፤
ሳጉን ወሰደችው፣ በሰባት ዓመቷ ሉባባ።

የክሪኩን ምት፣ የመዶሻውን ኳኳታ
በአፏ ትመልሳለች፣ ከምቱ ግማሽ ዘግይታ።
ይመር ይጮሃል፦ «ምቱ አመለጠሽ፣ አንቺ ልጅ፣ አትሰሚም?»
«አባ፣ ሐረጎን ስትወርድ፣ አንተስ ፍሬን አትይዝም?»

አምስት ነበርን፣ ደሴ ፒያሳ፣ ከሆቴሉ ምድር ቤት፤
ፒያኖው ባለ ሦስት ወላቃ ጥርስ፣ ሳክስፎኑ ባለ ጎማ አንገት፣
ቤዙ እኔ።
አምባሰልን በጃዝ ስትገባበት ሽማግሌዎቹ ደነገጡ፤
«ቅኝቱን አንጋደደችው» ብለው፣ ሒሳብ ሳይከፍሉ ወጡ።
በሳምንቱ ተመልሰው፣ ከዘራቸውን አስደግፈው፣
«እስቲ ያንን የተንጋደደውን» አሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው።

ግጥሟን የምትጽፈው በአባቷ የጭነት ደረሰኝ ጀርባ፤
ፊቱ «ሃምሳ ኩንታል ጨው» ይላል፣ ጀርባው «ና እንግባባ»።

«ቦርከና ሞላ አሉኝ፣ ልሻገር አልልም፤
ከዚያ ማዶ ያለው እኔን አያህልም።»

ኋላ ጊዜው ተለወጠ፤ ስንኝ ሁሉ ማህተም ፈለገ፤
ቀይ እስክሪብቶ የጨበጠ ጓድ ውብሸት በየመስመሩ አሰገገ።
«‹ማዶ› ብሎ ነገር ምንድን ነው? የቱ ማዶ? የማን?
ቦርከናስ ለምን ሞላ? ማን ፈቅዶ? በምን?»
ከሃያው መስመር አሥራ አንዱን ቀይ አጋድሞበት መለሰ።
እኛ ተከዝን። እሷ ወረቀቱን አጠፈችና
«በል፣ ቤዝህን ቃኝ» አለችኝ።

ያን ሌሊት
ሰዓት እላፊው ቆልፎብን፣
ሾፌሩም ካድሬውም አንድ ጣሪያ ሥር ታጉሮ፣
የተሰረዘው ጋ ስትደርስ
ቃሉን ተወችው።
እ-ህ፣ ላ-ሌ፣ እምም፣
የክሪኩ ምት፣ የሐረጎ ፍሬን፣
የመርከበኛው ሳግ፣
አሥራ አንድ መስመር ሙሉ።
ጓድ ውብሸት ራሱ፣ ከጥግ፣
በጣቱ ጠረጴዛውን ሲመታ አየሁት።
ምኑን ይሰርዘው?

በሰባ ሰባት ዓመቱን ሙሉ አፏን አልከፈተችም።
ስለዚያ እኔም አልናገርም፤ እሷም ግጥም አልጻፈችም።

ካሴቱ አዲስ አበባ ወጣ፣ የሌላ ሴት ፎቶ ለብሶ፤
የሉባባ ስም ከጀርባው፣ እሱም አንድ ፊደል ተቀንሶ።
ሳቀች፦ «ያው ስርዝ ነው፤ ለምጄው የለም እንዴ?»
ይመር ሞተ። የአሰብ መንገድ ተዘጋ።
ሆቴሉ የሞባይል መሸጫ ሆነ፤
ፒያኖውን ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃሉ።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ልጅ ከዩኒቨርሲቲው መጣ፣
ሆጤ፣ ከበረንዳዋ ላይ መቅረጫውን አወጣ።
«እማማ፣ የተሰረዙት መስመሮች ምን ይሉ ነበር?»
(አርባ ዓመት ልጠይቃት ብዬ፣ ሳልጠይቅ ያደርኩት ነገር።)

«ምን ይላሉ! ሰውየው የሚደነግጥበትን አውቅ ነበር።
‹ማዶ› የምለው፣ ‹ሞላ› የምለው እንዲሰርዝልኝ ነው።
ቀዳዳ ፈልጌ ነው፣ ልጄ።
ጢም ብሎ የሞላ ግጥም መተንፈሻ የለውም።»

ልጁ በደስታ ሊሞት ደረሰ። እኔ ዝም።

ደረሰኙ እኔ ዘንድ ነው፤ ከሳጥኔ ሥር፣
ከድሮ የጎማ ልጣፎች ጋር።
ቀዩ ወይቧል፤ ከሥሩ ያለው ይነበባል።
እውነቷን ነው፤ ማዶ አለ፣ ሙላት አለ፣ ወንዝ አለ።
አሥረኛው መስመር ላይ ግን
ወንዝም ማዶም የለም፤
የአንድ ጎማ ነፊ ስም ነው ያለው።

የጦሳ ጉም ወደ በረንዳው ወረደ።
ሉባባ የወንበሩን ክንድ በጣቷ መታ መታ አደረገች፤
እኔም ገባሁ፣
ዘግይቼ።